በሰው ተራ የተገኘ ምርቃት

አንድ ታንኳ ቀዛፊ ነበረ፤ እንደ እሱ ለሰው የሚያዝን በአገሩ አልነበረም።

እንግዲህ ልጄ፣ «የኔታ፣ እኔ እንባ አይቼ ማለፍ አልችልም፤ አልቅሶ የመጣውን ሁሉ አስቀድሜ እዳኘዋለሁ፤ ታዲያ ሕዝቡ ለምን ይረግመኛል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ዳኛ ሆነህ ይህ ከጠፋህ የዚያን ቀዛፊ ነገር ስማ።

ታንኳው ትንሽ ስለነበረ ከቀዛፊው ሌላ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ በእግር አይደፈርም፤ ከመንደሩ ወደ ማዶ የሚሄድ ሁሉ እሱን ይጠብቃል። የመጣ ሰው በትሩን ከፊተኛው በትር ቀጥሎ ዳርቻው ላይ ያጋድምና ሄዶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። የበትሩ ተራ የሰውየው ተራ ነው። አባቶች ይህን ያመጡት ሰው እንዳይጣላ ብለው ነው። በትር አይጮህም፣ አያለቅስም፣ ዘመድም የለውም።

አንድ ቀን አንድ ገበሬ በማለዳ መጣ። ሚስቱን ምጥ ይዟታል፤ ሌሊቱን ሙሉ አምጣ አልተገላገለችም። እጇ የተመሰገነው አዋላጅ ደግሞ ያለችው ማዶ ነው። በትሩን አጋደመና ተቀመጠ። ለማንም ምንም አልተናገረም። የሚስቱን ምጥ በዚያ ሁሉ ወንድ መካከል እንዴት አድርጎ ያወራዋል? ተራውም ሩቅ አልነበረም። «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ዝም አለ። ዝምም ይነቅዛል ልጄ።

ተራው ደረሰ። ሊነሣ ሲል አንድ ሽማግሌ እያቃሰቱ መጡ። ቀዛፊው አዘነላቸው፤ ገበሬውም «ይለፉ አባቴ» አለ። ሽማግሌ ቆሞ ማን ይቀድማል? ቀዛፊው አድርሷቸው ሲመለስ ለፍትሐት የተጠሩ ቄስ ቆመው ነበር። እሳቸውንም አሳለፈ። ከዚያ ሕፃን ያዘለች ሴት መጣች። ከዚያ ደግሞ ቅቤዬ በፀሐይ ቀለጠብኝ እያለ እንባውን የሚያፈስ ነጋዴ። ለቅቤም አዘነ። እዚህ ላይ ሲደርስ ገበሬውን ታሳልፈዋለህ ወይ ብሎ መጠየቁም ቀርቷል። የተሻገሩት ማዶ ሲወርዱ ይመርቁታል፤ እሱም ምርቃቱን ተቀብሎ ፊቱ በርቶ ይመለሳል።

ገበሬው አንድ ጊዜ ተነሥቶ ወደ ውሃው ጠጋ አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

«ምን ሆንክ?» አለው ቀዛፊው።

«ኧረ ምንም፤ ተራዬ መስሎኝ ነው» አለና ተመልሶ ተቀመጠ። ይሉኝታ ስንቱን ገደለ!

ከቀትር በኋላ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ወረደ። ወንዙ ደፈረሰ፤ ግንድ እያንከባለለ እስከ አፉ ሞላ። ቀዛፊው ታንኳውን ጎትቶ ከዛፉ ጋር አሰረና «ዛሬ በቃ» አለ። ገበሬው ጉዳዩን የተናገረው ያን ጊዜ ነው። ቀዛፊው ደረቱን እየመታ አለቀሰ።

«ምነው ወንድሜ፣ ምነው ቀድመህ በነገርከኝ!»

«ተራዬ ነበር እኮ» አለ ገበሬው። «በገዛ ተራዬ ለመሻገር ምክንያት ያስፈልገኝ ነበር?»

የገበሬው ሚስት ከነልጇ ሞተች። በቀብሯ ላይ ቀዛፊው ከሁሉ አብልጦ አለቀሰ፤ ለቀስተኛውም «አይ ይህ ሰው፣ አንጀቱ እንዴት ይራራል» አለ። ገበሬው ግን ቀና ብሎ አላየውም።

ይኸውልህ ልጄ። ያ ሰው በዚያ ቀን ከሌላው ቀን አብልጦ አልደከመም። ምሳውን አልተወም፣ ቀዘፋውን አላፈጠነም፣ ሌላ ቀዛፊ አልጨመረም። አንዱን ባስቀደመ ቁጥር ሌላውን ወደ ኋላ ገፋ፤ ያደረገው ይኸው ብቻ ነው። የሰጠው ሁሉ የገበሬው ነበር፤ ምርቃቱን ግን የበላው እሱ ነው። ከራሱ ላይ ቆርሶ ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ እኔም ርኅሩኅ ባልኩት ነበር። በሰው ተራ መራራት ምን ይከብዳል?

አንተም ያው ነህ። ፊትህ ቆሞ የሚያለቅሰውን ታያለህ። የችሎቱ አጥር ሥር ዝም ብሎ የተቀመጠውን አታየውም፤ ቀጠሮው ደርሶ «ዛሬ አልደረስንልህም፣ በሌላ ቀን ና» የሚባለው ግን እሱ ነው። ያለቀሰው ሲመርቅህ በጆሮህ ትሰማለህ። ያኛው የሚረግምህ ቤቱ ገብቶ፣ ልጆቹ ፊት ነው። እርግማኑ ደግሞ ይገባሃል። አዝናለሁ፣ ግን ይገባሃል።

አሁንም ደጄ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ከአንተ በፊት ነው የመጣችው፤ ዳኛ ነው ብላ ተነሥታ አሳለፈችህ፤ እኔም ዳኛ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ለምን እንደመጣች ሁለታችንም አናውቅም። እንዳትጠይቃት። ውጣና አስገባት፤ ተራዋ ነው።