ኮነ ያለ ዘራ

ድሮ ነው። የአያቴ አያት ገና ዳዴ ሲል፣ ይኼ ያስጠለለን ዋርካ ገና ፍየል ሲቀነጥሰው። ጠጋ ጠጋ በሉ። ያንቀላፋ ካለ ጎረቤቱ ይጎሽመው፤ ወሬው ስለ እንቅልፍ ነውና ቢያመልጠው ይቆጨዋል።

በጉም ውኃ መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም፣ ፊደል አልቆጠረችም። ሥራዋ ጧፍ መሥራት ነው። ጥጥ ትፈትላለች፣ ፈትሉን በቀለጠ ሰም ትነክራለች፣ በመዳፏ እያንከባለለች ታለሰልሰዋለች፣ ለሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ታስገባለች። ዘመድ ብላ የቀራት ታላቅ ወንድሟ ጓንጉል ብቻ ነው። አጥር ለአጥር ናቸው። አንዲት ማሳ አለቻቸው፤ እሱ ያርሳል፣ ሁለቱም ከእሷ ይበላሉ።

አንድ ዓመት ታዲያ፣ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ጉም ወረደ። ወርዶም ቀረ። ፀሐይ ጠፋች። ሰማዩ ያካፋል እንጂ ደህና አድርጎ አይዘንብም፣ አያባራምም። ሰዉ መጀመሪያ አማረረ፣ ቀጥሎ ዝም አለ። ከዚያ ድብታ ገባ። በሽታ እንዳትሉት ትኩሳት የለው፣ ኀዘን እንዳትሉት የሞተ የለ። ሰው ተነሥቶ ይቀመጣል፣ ተቀምጦ ይተኛል። «ምን ሠራህ?» ሲሉት «ምን ይሠራል?» ይላል። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ጠፋ፣ ቅዳሴው ለጥቂት ባልቴቶች ሆነ። ሰኔ ገብቶ በሬዎቹ ከበረት አልወጡም። ጤፍ በሐምሌ ካልተዘራ በኅዳር የሚታጨድ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ያውቃል፣ ግን አይነሣም።

በዚያው ሰሞን አንጓችን ብርድ መታትና ተኛች። ዕርገት አለፈ፣ ጰራቅሊጦስ አለፈ፣ እሷ አላወቀችም። በጉም ውስጥ ቀን ከቀን በምን ይለያል? ሲሻላት ጧፏን ታቅፋ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሊበተን ሲል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እምይእዜሰ!» አለች።

ታውቁታላችሁ፣ የፋሲካ ሰላምታ ነው። በኀምሳው ቀን የጌታ ትንሣኤ ሲበሠር ሕዝቡ «እምይእዜሰ» ይላል፤ «ኮነ» ተብሎ ይመለስለታል፤ «ፍሥሐ ወሰላም» ብሎ ይዘጋል። በእኛ አፍ፣ ከእንግዲህስ፣ ሆነ፣ ደስታና ሰላም ማለት ነው። ኀምሳው ቀን ካለፈ ግን አይባልም። ጾም ገብቷላ!

አንዲት ባልቴት «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብላ ተረተችባትና ፍርፍር ብላ ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። ከፋሲካ ወዲህ በጉም ውኃ ሳቅ የተሰማው ያን ቀን ነው።

ገበዙ አባ ክንፈ አልሳቁም። የደብሩን ሥርዓት የሚጠብቁ እሳቸው ናቸው። «አንጓች፣ ሰላምታው እኮ ተዘግቷል» አሉ።

አንጓች አፈረች። «ይቅር ይበሉኝ አባ። ለመሆኑ ቃሉ ምን ማለት ነው?»

«ከእንግዲህስ ማለት ነው።»

«ከእንግዲህስ እስከ መቼ ነው አባ?»

አባ ክንፈ መቋሚያቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እኔ ፊደል አላውቅም» አለች አንጓች። «ግን ጌታ ሰኔ ገባ ብሎ ወደ መቃብሩ አልተመለሰም።»

«ሥርዓት ሥርዓት ነው። ከቅጽሩ ውስጥ እንዳልሰማሽ።»

«ከቅጽሩ ውጭስ?»

አባ ክንፈ ጢማቸውን ዳበሱ። «ከቅጽሩ ውጭ እኔ ገበዝ አይደለሁም» አሉ።

አንጓች ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው በየደጁ ትዞር ጀመር። ቆማ «እምይእዜሰ» ትላለች። አንዳንዱ ለቀልድ ይመልስላታል። አንዳንዱ «ጉሙ አእምሮዋን ወሰደው» እያለ በሩን ይዘጋል። አንዱ ጎረቤት «ለመሆኑ ምን የሚያስደስት ነገር አየሽ?» አላት። «ደስታው የእኛ አይደለማ» አለችው። «የእኛ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ባለቀ። ባለቤቱ ሌላ ነው።» ጉሙ አልተነሣም። አንጓችም አላረፈችም።

መጨረሻ የምትደርሰው ወንድሟ ደጅ ነው። ጓንጉል መደቡ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። የማሳው ነገር እንደሚያስጨንቃት እግዜር ያውቃል፤ ጎተራቸው ተጠርጎ አልቋል። ግን ስለ ማሳው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «ጋሼ፣ እምይእዜሰ» ትላለች። አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚደገምበትን ያህል ትጠብቃለች። መልስ የለም። ትሄዳለች። ጎረቤት አይቶ «መልሱንም ራስሽ በዪውና ይለቅልሽ» ቢላት፣ «የጋሼን መልስ እኔ ከሰረቅሁት ለእሱ ምን ሊቀረው ነው?» አለች። እንዲህ ሠላሳ ጧት ሄደ። ጉሙ አልተነሣም። አንጓችም አላረፈችም።

ከዚያ የባሰው መጣ። በጉሙ ንቦቹ ሳይበሩ ከርመው ሰም አለቀ፣ ጧፍ መሥራትም ቀረ። ሐምሌ ተጋመሰ። አንድ ማለዳ አንጓች ልትጸልይ አፏን ስትከፍት ቃሉ አመድ አመድ አላት። ተነሥታ ተቀመጠች። ተቀምጣ ተኛች። እሷም ሰው ናት እኮ! ያን ቀን ከቤት አልወጣችም፣ በማግስቱም አልወጣች። ፈራች። ሰውን ሁሉ አነቃለሁ ብላ እሷው መያዟን አወቀች። «ጌታዬ፣ ለሰው ስል ለራሴ አለቀብኝ» አለች። «ደስታው የእኔ አይደለም ብዬ ነበር። እንግዲህ ባለቤቱ ያምጣው።» ሌላ ጸሎት አልነበራትም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ደጇ ላይ የእግር ኮቴ ሰማች። የማን ነው ብላ ቀና ስትል ጓንጉል ነው። ጢሙ ጎፍሯል፣ ሞፈርና ቀንበር ተሸክሟል።

«ኮነ» አላት።

የሰማችውን አላመነችም።

«ኮነ፣ እቴ» አለ ጓንጉል። «ሦስት ጧት ጆሮዬን ደጅ ላይ ጥዬ ጠበቅሁሽ። ስትቀሪ ጊዜ መልሱ አነቀኝ።»

አንጓች ከመኝታዋ ተነሣች። «ፍሥሐ ወሰላም» አለች። አለቀሰች። እያለቀሰች ሳቀች። ደስ አላት፣ ከእግሯ እስከ ራሷ ደስ አላት። ባለቤቱ ማምጣቱን አወቀች፤ በማን ትከሻ አሸክሞ እንደላከውም አየች።

ጉሙስ? ጉሙማ የት ሄዶ! የበሬው ቀንድ ለራሱ ለበሬው አይታየውም ነበር። ጓንጉል በማሳው አንድ ጫፍ ያርሳል፣ አንጓች በሌላው ጫፍ አረም ትነቅላለች። እንዳይጠፋፉ እሷ «እምይእዜሰ» ትላለች፣ እሱ ከጉሙ ውስጥ «ኮነ» ይላል። ድምፁ መንደሩ ገባ። ጎረቤት ምን መጣ ብሎ ወጣ፤ ከወጣ አይቀር ጠመደ። በማግስቱ ሦስት ጥማድ ወጣ፣ በሳልስቱ ዐሥር። አባ ክንፈም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከቅጽሩ ውጭ ወዳለው ማሳቸው ወረዱ። ከሁሉ አብልጠው «ኮነ» የሚሉት እሳቸው ነበሩ ይባላል። ሐምሌ ሳይወጣ ጤፉ ተዘራ። ጉሙ የተነሣው በመስከረም ነው። አዝመራው የተትረፈረፈ አልነበረም፤ ግን የራበው ሰው አልነበረም።

አንጓች አርጅታ ሞተች። ዛሬም በጉም ውኃ ጉም ሲወርድ፣ ማሳ ላይ ያለው «እምይእዜሰ» ይላል፣ የማይታየው ጎረቤቱ «ኮነ» ይላል። ከቅጽሩ ውስጥ ግን አይባልም፤ ለአባ ክንፈ ክብር ነው። ድብታ ይዞት የተኛ ሰው ካለ አይሰድቡትም፣ መልሱንም አይሰርቁበትም። በየማለዳው ደጁ ይቆማሉ። የሚቸኩል ሰው ሲነጫነጭ «ተወው፣ ኮነ ያለ ዘራ» ይሉታል።

እኔ ጨረስኩ። በሉ እንግዲህ፣ እምይእዜሰ።

ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ።