ከምስክርነቱ በኋላ የተመለሰ ሕመም

ወገኖቼ፣ ዘነበች የምትባል አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ወገቧን ማመም ከጀመራት ዓመታት አልፈዋል። አንድ እሁድ ተጸለየላት፤ ሕመሙ ለቀቃት። ዘለለች! መድረክ ላይ ወጥታ «ድኛለሁ» ብላ መሰከረች፤ ጉባኤውም በእልልታ ተናወጠ።

በሳምንቱ ሕመሙ ተመለሰ።

አሁን ምን ትበል? «ያመኛል» ብትል እግዚአብሔርን ያዋረደች መሰላት። ስለዚህ ደበቀችው። ጥርሷን ነክሳ ዘመረች፤ ቤቷ ስትገባ አልጋ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ሐኪም ያዘዘላትንም እንቅስቃሴ ተወችው። የዳነ ሰው ምን ሕክምና ያሻዋል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሳትሰማ ቀርታ ነው? ሰምታለች። ይሉኝታ ግን ጆሮ ይደፍናል። ውሎ አድሮ «እምነቴ ውሸት ነበር» አለች፤ ከቤተ ክርስቲያን ልትቀር ምንም አልቀራት።

ሲብስባት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ሰው አየኝ አላየኝ እያለች ሆስፒታል፣ በእንቅስቃሴ ወደሚታከምበት ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሄደች። በሩን ስትከፍት ማንን ብታገኝ ጥሩ ነው? የጸለዩላትን ሽማግሌ፣ ጋሽ ኤርጃቦን! ምንጣፍ ላይ ተንጋለው ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው ይስባሉ።

«ጋሼ! እርስዎም?»

«ምነው ዘነበች፣ ሽማግሌ ወገብ የለውም?»

«እኔ እኮ መስክሬ ነበር...» እንባዋ መጣ።

«ያን ቀን ለቆሽ ነበር፤ እውነት ነው። ዛሬ ያምሻል፤ ይሄም እውነት ነው። ጌታ የትኛውን እውነት ይፈራል? በይ ነጠላውን ከፊትሽ ግለጪና ነይ።»

የክፍሉ የሕክምና ባለሙያም አስረዳቻት። «የቆየ ሕመም ባመመሽ ቁጥር ወገብሽ ተጎዳ ማለት አይደለም። ተኝቶ መዋል ያባብሰዋል፤ ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ይረዳል። ይህ በብዙ ሕሙማን ላይ ተጠንቶ የታየ ነው።»

ዛሬስ? አንዳንድ ቀን ያማታል። ግን ትሰፋለች፤ ከስፌት መኪናዋ እየተነሣች ትንሽ ትራመዳለች፤ እየተራመደችም ትጸልያለች። እንደገናም መድረክ ላይ ወጣች። «ያመኛል። እየታከምኩ ነው። ጌታም አልተወኝም» አለች። ያን ቀን እልልታ አልነበረም። ከጉባኤው በኋላ ግን ሰዎች ከበቧት። «እኔንም ጉልበቴን...» «እኔንም ትከሻዬን...» ለካ ስንቱ ተከናንቦ ኖሯል!

እናንተስ? ከጎናችሁ የተቀመጠው ወንድም እንደሚያመው ታውቃላችሁ? እናንተ እንደሚያማችሁስ እሱ ያውቃል? ከወንጌል ጸሐፊዎች አንዱ ሐኪም አልነበረም እንዴ? ታዲያ ሐኪም ቤት መሄድ ከመቼ ወዲህ ክህደት ሆነ?

ጸልዩ፤ እኛም እንጸልይላችኋለን። ነገ ደግሞ ተነሡና ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ። በዋናው በር ግቡ፤ ነጠላውንም ከፊታችሁ ግለጡ።