እኛ የማንበላው ዛጎል

አንድ ሰው ነበረ። የእኛው አገር ሰው ነው፤ በስደት ኢጣሊያ ገብቶ በአንዲት የባሕር ጠረፍ መንደር ሥራ አገኘ። ሥራው ምን መሰላችሁ? ዛጎል ማጥራት።

ፊታችሁን አታጨፍግጉ። እኛ እንደማንበላው አውቃለሁ። እነሱ ግን ይበሉታል፤ ዛጎሉን ከፍተው ውስጡ ያለውን ሥጋ፣ ሎሚ ጨምቀው፣ አንዳንዴም በጥሬው። እኛስ ቁርጥ እንበላ የለ?

ታዲያ ይህ ፍጥረት አንድ ጠባይ አለው። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሲስብና ሲተፋ ይውላል። ውኃው ንጹሕ ከሆነ እሰየው። የከተማ ፍሳሽ ከገባበት ግን ያንን ሁሉ ሆዱ ውስጥ ያከማቻል። ስለዚህ የአገሩ ሕግ እንዲህ ይላል፤ ከዚያ ዳርቻ የተለቀመ ዛጎል ከነሕይወቱ፣ ንጹሕ የባሕር ውኃ በሚፈስበት ገንዳ ሁለት ቀን ሙሉ ይቀመጥ፣ የዋጠውን ይትፋ። ከዚያ ያጠራው ሰው ገንዳ የገባበትንና የወጣበትን ቀን በሳጥኑ ወረቀት ላይ ጽፎ ይፈርም። ሳይፈረም አይሸጥም።

አያችሁ? ማጠብ ሌላ ነው፣ ማጥራት ሌላ ነው። ላዩን በቡሩሽ ብትፈትጉት ያበራል፤ ሆዱ ግን ያው ነው።

የበዓል ሰሞን ነው። ብርቱ ዝናብ ዘንቦ ፍሳሹ ሁሉ ባሕሩ ውስጥ ገብቷል። የነጋዴው መኪና ከቀኑ ቀድሞ መጣ። ዛጎሉ ገንዳ ከገባ ገና ግማሽ ቀኑ ነው። ሰውየው አወጣው፣ በቡሩሽ ፈተገው፣ "ከትናንት ወዲያ ገባ" ብሎ ጻፈ።

ይህን ታሪክ የነገረችኝ እዚያው አብራው ትሠራ የነበረች ብሥራት የምትባል እህታችን ናት። አየችውና "ምነው ወንድሜ? ይሄ እኮ አልጠራም" አለችው።

"እትዬ ብሥራት፣ ታጥቧል" አላት። "ደግሞስ ርኩስ ነገር ምን ይጠራል? እኔና አንቺ አንበላው።"

"የሚበላው ሰው አይደለም?"

"የለመዱት ነው፣ ምንም አይሆኑም" አለና ፈረመ።

እኔና አንቺ አንበላው። ሰማችሁልኝ? ጾም የማይሽር፣ ያልተባረከ ሥጋ የማይነካ ሰው ነው። እሱ ስለማይበላው የሚበላው ሰው ከዓይኑ ጠፋ። ጉድ እኮ ነው።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለለት። አሱንታ ታማ ሆስፒታል ገብታለች። አሱንታ ማን ናት? ሰውየው እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ ከመርከብ ሲወርድ የሟች ባሏን ካፖርት ያለበሰችው፣ ቤቷ አስገብታ አንድ ዓመት ያኖረችው መበለት ናት። እማማ ነው የሚላት። ሥራውን ጥሎ ሮጠ።

ትውከቱና ተቅማጡ አድርቋት አገኛት። አጠገቧ የጤና ተቆጣጣሪው ቆሞ የበላችውን ይጠይቃታል።

"ዛጎል በልተዋል?"

"በልቻለሁ፤ ግን ሕመሜ ከዛጎሉ አይደለም። ወረቀቱን አይቼ ነው የገዛሁት፤ የልጄ ፊርማ አለበት" አለችና የሰውየውን እጅ ያዘች።

ወገኖቼ፣ ይህን ነገር ከሰማሁ ወዲህ እስካሁንም አልለቀቀኝም። ምን ይበል? ዝም ቢል የቀሩት ሳጥኖች በየገበያው ይከፈታሉ። ቢናገር እጇ እጁ ውስጥ ነው።

ተናገረ። "እማማ፣ አልጠራም ነበር" አላት።

ተቆጣጣሪው ስልኩን አንሥቶ ወጣ። ሳጥኖቹ ተሰበሰቡ፣ ብዙ ሰው ተረፈ። እሷ ግን እጇን ቀስ ብላ ከእጁ አወጣች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግሥቱ ሞተች።

እናንተ ዛጎል አትሸጡም፤ ተመስገን። ታዲያ ቅቤው ውስጥ ሙዝ የሚለውሰው ማነው? በርበሬው ውስጥ ሸክላ የሚፈጨው ማነው? "ይሄ ለገበያ ነው፤ የቤቱን ለብቻ አስቀምጫለሁ" የምትሉት እናንተ አይደላችሁም? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እናንተ ደግሞ ለራሳችሁ ስታዘጋጁ አትቀላቅሉም። አንተ ሳታየው "አይቻለሁ" ብለህ የምትፈርመውስ? እኔንም አልተወኝም፤ ራሴ ያልኖርሁበትን ቃል ስንት ጊዜ አጉርሻችኋለሁ።

ሰዉ እኮ ከእናንተ የሚገዛው በርበሬውን መርምሮ አይደለም። እናንተን አይቶ ነው። ቤተ ክርስቲያን አብራችሁት ስለቆማችሁ ነው። "የእነ እገሌ ነው፣ አትፈሪ" ብሎ ለሚስቱ ይሰጣታል፤ እሷም ለልጆቿ ታቀርባለች።

እንግዲህ ዛሬ አሜን አትበሉኝ። ትናንት የሸጣችሁለትን ሰው ቤቱን ታውቁታላችሁ። በሩን አንኳኩና "አትብሉት" በሉት። ፊታችሁ ይቀላል፤ ይቅላ። ደንበኛ ይሸሻችኋል፤ ይሽሽ። ብቻ አሁን ሂዱ፤ ምሳ እየቀረበ ነው።