ለጃንጥላ ሰፊው የቪዛውን ደጅ ያስከፈተች እመቤታችን

አምላክን የወለደች፥ ለጨነቀው ፈጥና የምትደርስ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ተአምር ይህ ነው፤ ምእመናን ሆይ፥ ጆሯችሁን ስጡኝ፥ እኔም ይህን ነገር ስናገር ደስታው ያቻኩለኛልና ታገሡኝ።

በደብረ ታቦር ከተማ ይትባረክ የሚባል፥ የክርስትና ስሙ ገብረ ማርያም የሆነ፥ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ጃንጥላ የሚሰፋ ሰው ነበረ። እመቤታችንንም እጅግ ይወዳት ነበርና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳይደግም መርፌ አይነካም ነበር፤ የቸኮለ ሰው መጥቶ ደጁ ቢቆም እንኳ «መጀመሪያ እሷን፥ ከዚያ አንተን» ይለው ነበር። ወር በገባ በሃያ አንድ ቀንም ከጽዋ ማኅበርተኞቹ ጋር ዝክሯን ይዘክር ነበር።

ሚስቱ የውብዳርም በባሕር ማዶ፥ በረዶ በሚበዛበት አገር አረጋውያንን እየጦረች ትኖር ነበርና፥ መጥታ በተክሊል ከተጋቡ በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የሁለቱም አሳብ «ቤት እስክናገኝ እንታገሥ፥ ልጁ ከዚያ በኋላ ይደርሳል» የሚል ነበር፤ ስለዚህም የይትባረክን የቪዛ ጉዳይ በተራው እንዲሄድ አስገቡት፥ ተራውም የኤሊ መንገድ ነበር። ሰው ያስባል፥ እግዚአብሔር ይፈጽማል! የውብዳር ለዕረፍት መጥታ በተመለሰች ጊዜ ፀንሳ ተገኘች፤ ከዚያም ፅንሱ ሲገፋ ደም ታያትና ሐኪሞቹ «ከአልጋ እንዳትወርጂ» ብለው አዘዟት። በዚያ አገር እናት የላት፥ እኅት የላት፥ ጎረቤቱም ከሰላምታ አያልፍም። እርሷም በስልክ እያለቀሰች «ይትባረኬ፥ ሞቱን አይደለም የምፈራው፥ ብቻዬን መውለዱን ነው፤ እባክህ ድረስልኝ!» አለችው።

እርሱም ለቪዛው ቢሮ «አፋጥኑልኝ» እያለ ደጋግሞ መጻፍ ጀመረ። ነገር ግን የዚህን ሰው ጉድ ስሙ! ስለምን እንደሚቸኩል አንድም ቀን አልተናገረም። አማቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ «የሆድ ፍሬ ለባዕድ አይነገርም፥ ዓይን ይበላታል፤ ዝም አይነቅዝም ልጄ» ብለው በእመቤታችን ሥዕል ፊት አስምለውት ነበርና። ስለዚህም «ሚስቴ ናፈቀችኝ» ብቻ ብሎ ይጽፍ ነበር፤ ቢሮውም «ናፍቆትማ የሁሉም ነው፥ ተራህን ጠብቅ» ብሎ ይመልስለት ነበር። ታዲያ ምን ይበሉት? ሳይነግራቸው በምን ይወቁ?

ከዕለታት በአንዱ ቀን በቀትር፥ የጃንጥላውን ዘርፍ እየሰፋ ሳለ ነገሩ መረረውና «እመቤቴ፥ እንዲህ ስለምንሽ እንዴት ዝም ትይኛለሽ?» ብሎ አለቀሰ፤ ከለቅሶውም ብዛት በስፌት መኪናው ላይ ራሱን ደፍቶ አንቀላፋ። ያን ጊዜ እመቤታችን ከፀሐይ ይልቅ በሚያበራ ብርሃን ተገለጠችለትና «ገብረ ማርያም፥ ዝም ያልሁት እኔ ነኝን ወይስ አንተ? እኔ ጌታዬን በፀነስሁ ጊዜ ወደ ዘመዴ ወደ ኤልሳቤጥ ወደ ተራራማው አገር ፈጥኜ ሄድሁ፥ ደስታችንንም አብረን ተናገርን፤ አንተ ግን የልጅህን ነገር እንደ ተሰረቀ ዕቃ ሸሽገህ አፋጥኚልኝ ትለኛለህ። በሥዕሌ ፊት የማልኸውን እኔ ፈትቼልሃለሁ፤ ተነሥና ተናገር፥ እኔ እቀድምሃለሁ» አለችው።

እርሱም ነቅቶ ሜትሩን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ወደ አማቱ ቤት ሮጠ። ወይዘሮ ጥሩወርቅም ነገሩን በሰሙ ጊዜ ተቆጡና «አበድክ እንዴ! ልጄን ለሰው ዓይን ልትሰጥብኝ ነው? ሕልም እንደ ፈቺው ነው፥ አንተ ለራስህ እንደሚመችህ ፈታኸው!» አሉት። ሊመልስላቸው አፉን ሲከፍት ስልኩ ጮኸ፤ የውብዳር ነበረች። «ይትባረኬ፥ አሁን ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ሆዴን ዳበሰችኝና ‹አይዞሽ ልጄ፥ የባልሽን አፍ ከፍቼልሻለሁ› አለችኝ፤ ደሙም ቆመ! በሩ እኮ ከውስጥ እንደ ተቆለፈ ነው! አፉን ከፈትሁለት ማለቷ ምንድን ነው?» አለችው። ይትባረክም «እመቤታችን ናት!» ብሎ አለቀሰ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን የልጃቸውን ድምፅ ሰምተው ኖሮ በግንባራቸው ተደፍተው ሰገዱ፤ ተነሥተውም «ታዲያ ምን ቆመሃል አንተ ሰውዬ! ሂድ እንጂ! ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል!» ብለው ገፍተው አስወጡት። ወይ ጉድ! አስማዩም እርሳቸው፥ አስቸኳዩም እርሳቸው!

ከዚያም ሐኪሞቹ ለሚስቱ የጻፉላትን ማስረጃ በስልክ ልካለት፥ እርሱን ይዞ አዲስ አበባ ወረደና በቢሮው መስኮት ወይዘሮ ሰናይት ለምትባል ሠራተኛ ሁሉን ነገራት። እርሷም አንብባ ራሷን ያዘችና «ወንድሜ፥ ናፈቀችኝ ናፈቀችኝ ከምትል ነፍሰ ጡር ናት፥ ታማለች አትልም ነበር?» አለችው። «አማቴ አስምለውኝ ነው እትዬ» ቢላት ሳቋ አመለጣትና «የእኔም እናት እንዲሁ ናቸው፤ እኔ ራሴ ለአለቃዬ የነገርሁት ሆዴ ገፍቶ ከታየ በኋላ ነው» አለችው፤ ከወንበሯም ተነሥታ ጉዳዩን በእጇ ይዛ ወደ አለቃዋ ገባች። ያ አለቃ ተራ አያፋልስም የሚባል፥ ለምኖት የተሳካለት የሌለ ሰው ነበረ፤ በዚያች ቀን ግን እመቤታችን ቀድማ ልቡን አራርታው ነበርና አንድ ጊዜ አንብቦ «ይህማ የሚያድር ነገር አይደለም» አለ። እልል በሉ እንጂ! ስንት ወር የተኛው ጉዳይ ሳምንት ሳይሞላው ቪዛው ተመታ።

ይትባረክም በአውሮፕላን ሲሄድ የውብዳርን ያለ ቀኗ ምጥ ያዛት። ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት በረረና፥ አዋላጆቹ ‹ባሏ ነኝ› ሲላቸው መንገድ ለቀቁለት፤ እርሷም በጭንቅ ላይ ሳለች አየችው፥ እጁንም እንዳትለቀው አድርጋ ያዘችው፥ በዚያው ሰዓትም ሴት ልጅ በደኅና ተገላገለች። ሕፃኗ ስታለቅስ እርሷ ትስቅ ነበር፥ እየሳቀችም «ብቻዬን አልወለድሁም! ይትባረኬ፥ ብቻዬን አልወለድሁም!» ትል ነበር።

እነርሱም እመቤታችንን አመሰገኑ፥ ሕፃኗም በሰማንያ ቀኗ ተጠምቃ ወለተ ማርያም ተባለች።

ምእመናን ሆይ፥ በየቢሮው ደጅ ለምትቆሙ፥ ከባል ከሚስት፥ ከእናት ከልጅ ለተለያያችሁ ሁሉ ይህች እናት ትቅደምላችሁ፤ የተቆለፈውን ታስከፍትላችሁ፥ የታሰረውን አንደበታችሁን ትፍታላችሁ፤ ይህን የሰማችሁ እናንተንም፥ የተናገርሁ እኔንም በአማላጅነቷ ጥላ ታኑረን፥ ለዓለመ ዓለም፥ አሜን።