የሚያስቸኩል ጠዋት

ወገኖቼ፣ አንድ የሒሳብ መምህር ነበረ። ጠዋትን የማይወድ ሰው ነው። «ደግሞ ነጋ? ውሃው ደግሞ እንዴት ይቀዘቅዛል? ታክሲው ዛሬም ጠፋ?» እያለ ነበር ከቤቱ የሚወጣው።

አንድ ቀን እያስተማረ ሳለ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ ሲል እሱም አብሮ ወደቀ። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት።

ወራት አልጋ ላይ ዋለ። በመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር መንገድ ያልፋል። ገና ሲነጋጋ የጎረቤቶቹ በር ሲከፈት ይሰማል። የጫማ ኮቴ ይሰማል። «ቶሎ በይ እንጂ፣ ሰርቪሱ ሊያመልጠን ነው» ሲባባሉ ይሰማል። እሱን የሚጠብቅ ሰርቪስ የለም። «ሁሉም የሚፈለግበት ቦታ አለው፤ እኔን ማን ይፈልገኛል?» ይልና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እነዚያ ያማርርባቸው የነበሩት ጠዋቶች ናፈቁት።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀስ በቀስ ቆሞ መሄድ ጀመረ። ሥራው ላይ እንዲመለስም ተፈቀደለት። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ባለቤቱ አስካለ ሸሚዙን ልትቆልፍለት ቀረበች።

«ተይኝ፣ ራሴ ልሞክረው» አላት።

ቁልፉ ከጣቱ ያመልጣል። ይይዘዋል፣ ደግሞ ያመልጣል። እንደምንም ለብሶ ትምህርት ቤት ሲደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተጋምሷል። ርዕሰ መምህርቷ አዘነችለት።

«መምህር፣ አይጨነቁ። የጠዋቱን ክፍል ለሌላ ሰው እንስጠውና እርስዎ ረፈድ አድርገው ይምጡ» አለችው።

በደግነት ነው ያለችው። እሱ ግን ያ ግድግዳ ትዝ አለው። «ነገን ብቻ ይስጡኝ። ካረፈድኩ ይውሰዱት» አላት።

በማግስቱ ከሁሉ ቀድሞ ተነሳ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ከቁልፎቹ ጋር ታገለ። አንዱ ገባ፣ ሌላውም ገባ፤ የአንገቱ ግን እምቢ አለ። ሰዓቱ እየሄደ ነው። በመጨረሻ ኩራቱን ዋጥ አደረገና፣

«አስካለ፣ ይቺን አንቺ ቆልፊልኝ» አላት።

ቆለፈችለት። ኮሌታውንም አስተካከለችለት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ሲደርስ በሩ ገና አልተከፈተም። ዘበኛው አቶ ባልቻ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡና፣

«መምህር፣ ምነው? ማን አስቸኮለዎት?» አሉት።

«የምቸኩልበት ቦታ ስላለኝ ነው፣ አቶ ባልቻ» አላቸው።

ተማሪዎቹ ሲገቡ በግራ እጁ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ አገኙት። ጽሑፉ ተጣሟል። ማንም አልሳቀም። የጠዋቱም ክፍል የእሱ ሆኖ ቀረ።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ጠዋት ሸሚዛችሁን ስትቆልፉ ልብ ብላችሁታል? እኔ ልብ አላልኩትም። ጣታችን ታዘዘን፣ እግራችን ተሸከመን፣ እኛ ግን ስለ ታክሲው እያማረርን ወጣን። ደግሞስ ምሳችሁን ማን ቋጠረላችሁ? ማን ቀሰቀሳችሁ? አመስግናችሁታል?

በመካከላችን ሥራ አጥታችሁ፣ ታማችሁ፣ ሌላው ሲወጣ በመስኮት የምታዩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እግዚአብሔር አልረሳችሁም፤ እኛም እንዳንረሳችሁ ይርዳን።

ሥራ ያላችሁ ግን፣ ነገ ተዘጋጅታችሁ በጊዜ ድረሱ። አለቃ ፈርታችሁ አይሁን። በሩ ላይ ስትደርሱ ለአፍታ ቆም በሉና፣ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬም የሚጠብቀኝ ሰው ስላለ ተመስገን» ብላችሁ ግቡ።