ደብሪቱ አልቆርጥም ያለችው የወፍ ቆሎ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ምነው ድምፃችሁ ሳሳ? እራት ያልበላ አለ እንዴ? እንደገና ልበል። ተረት ተረት!

የላም በረት!

እንዲህ ነው እንጂ። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን ከቆላው አፋፍ ላይ ባለች መንደር አንዲት ሞኝ ሴት ነበረች። ሞኝነቷን ከእሷ በቀር አገሩ ሁሉ ያውቀው ነበር። ስሟም ደብሪቱ ይባላል። አዎ፣ እኔው ነኝ፤ አትሳቁ። በሌላ ሰው አሳብቤ ላወራው ነበር፤ ግን የሚያውቁኝ ሽማግሌዎች ገና አልሞቱም።

ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ጥርሴ ሙሉ ነው፤ ልቤ ግን ገና አልበቀለም። ባሌ ይመር ይባላል። አሥር ነገር አስቦ አንድ የሚናገር ሰው ነበር። ጎረቤቴ ደግሞ እትዬ ጦይባ ናት። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጇም በወሊድ ሞታባታለች። ሁለት የልጅ ልጆቿን የምታሳድገው በአንዲት ላም ወተት ነው። ላሚቱ ግንባሯና አፍንጫዋ ነጭ ስለሆነ ቦራ ትባላለች።

ጦይባ ድሀ ናት፤ ደጇ ግን ያምራል። ጤና አዳሙ፣ ሪሃኑ፣ አሪቲው ተራ በተራ ቆሟል። መንገደኛው ሁሉ በእሷ ደጅ ሲያልፍ ቀስ ይላል፤ በእኔ ደጅ ሲያልፍ ይፈጥናል። በእኔ ደጅ የነበረው የተሰበረ ገንቦና በአመድ ላይ የተኛ ውሻ ነው። ይህም እንደ ቁንጫ ይበላኝ ነበር።

አንድ ቀን ሽምብራ ልሸጥ ከተማ ወረድኩ። በአንድ ትልቅ ቤት አጥር ላይ አንድ አበባ አየሁና እግሬ ተተከለ። እፍኝ የማትሞላ ዘለላ ናት። መሃሏ ብጫ ነው፤ ዙሪያዋ ብርቱካን ይመስላል፤ ጠርዟ ደግሞ ቀይ ነው። ቢራቢሮው እላይዋ ላይ ሰርግ ደግሷል። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የቤቱ አትክልተኛ ጋሽ አበጋዝ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ወጡና፦

«ልጄ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አሉኝ።

እኔም፦ «የጠፋብኝስ ይኸው ተገኘ፤ ከዚህ አንድ ቅርንጫፍ ይስጡኝ» አልኳቸው።

ሳቁና አንድ ስንዝር ቆረጡልኝ። ከዚያም እንዲህ አሉኝ፦ «የታች የታቹን ቅጠል አራግፈሽ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ትከዪው። ሥር እስኪሰድ አጠጪው፤ ከሰደደ በኋላ ግን አታሞላቅቂው። በዓመት ሁለት ጊዜ ሳትራሪ ቁረጪው። ፍሬውን ሳይጠቁር ልቀሚው፤ አለዚያ ወፍ በየሜዳው ይዘራዋል። ከሁሉም ከሁሉም ከብት እንዳይቀምሰው። መርዝ ነው።»

እሳቸው ይህን ሁሉ ሲናገሩ እኔ ጦይባ አበባውን ስታየው ፊቷ ምን እንደሚመስል አስብ ነበር። እሺ እሺ እያልኩ፣ ጆሮዬ ቤቱ ደርሷል።

«ስሙ ማነው?» አልኩ በመጨረሻ።

«የወፍ ቆሎ» አሉኝ።

ከፋኝ። እንዲህ ያለ ቁንጅና የወፍ ቆሎ ተብሎ ይጠራል? በመንገድ ላይ እያሰብኩ መጣሁና መንደር ስደርስ ስሙን ለውጬው ነበር።

«ይህ የእቴጌ ጉትቻ ይባላል፤ ከከተማ በስንት ልመና ነው የተገኘው» አልኩ ለሰው ሁሉ።

ከቤቴ በር አጠገብ፣ በጦይባ በረት በኩል ተከልኩት። ከዚያም ማጠጣት ነው። ጠዋት አጠጣዋለሁ፤ ቀትር አጠጣዋለሁ፤ ማታ አጠጣዋለሁ። የእንስራው ውሃ በሙሉ ወደ እሱ ሆነ። ፍግ አለበስኩት። ይመር ከእርሻ ሲመለስ ውሃ ሲጠይቀኝ እንስራው ባዶ ነው። አንድ ቀን ከአበባው አጠገብ ሄዶ ቁጭ አለና፦

«እዚህ ብቀመጥ ምናልባት ውሃ ይደርሰኛል» አለኝ።

አበባው ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? ቅጠል በቅጠል ሆነ። ረዘመ፣ ወፈረ፣ አንዲት እምቡጥ ግን የለችውም። ጦይባ በአጥሩ ላይ ብቅ አለችና፦

«ደብሪቱ፣ ይህ ነገር ጠግቧል። ጥጋበኛ ደግሞ ሥራ አይወድም። ውሃውን ቀንሺለት» አለችኝ።

ቀንታ ነው ብዬ በንጋታው እጥፍ አጠጣሁት።

ከዚያም እናቴ ታመመችና ላስታምም ሄድኩ። ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ይመር አበባ ማጠጣት የሚባል ነገር አንድም ቀን ትዝ አላለው። ስመለስ ያ ተክል ከላይ እስከ ታች በአበባ ነዶ አገኘሁት። ቢራቢሮ ብትሉ፣ ንብ ብትሉ፣ ወፍ ብትሉ!

እኔም መንደሩን ጠርቼ፦ «እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ነገር እጅ ይፈልጋል» አልኩ። ይመር ውሻውን አየው፣ ውሻውም ይመርን አየው።

በሁለተኛው ዓመት ነገሩ ተበላሸ። ተክሉ ግንድ አወጣ። ግንዱ እሾህ አወጣ። አንዱ ክንዱ የቤቴን በር ያዘ፤ ሌላው መስኮቴን ደፈነ። ቤቴ ቀትር ላይ እንደ ዋሻ ይጨልማል። ወጥ ስሠራ ጨው የት እንዳለ የማውቀው በምላሴ ነበር። መምሬ ጌጤነህ ጠበል ሊረጩ መጡና ሲወጡ ኩታቸው እሾህ ላይ ቀረ። እኩሌታውን ይዘው፦

«ልጄ፣ ቤትሽ መግባቱስ በረከት ነው፤ መውጣቱ ግን ሰማዕትነት ነው» ብለው ሄዱ።

ይመር ማጭድ አንስቶ፦ «ትንሽ ልቁረጠው» አለ።

«አበባ ይቆረጣል እንዴ? ጸጉሬን ብትቆርጠው ይሻለኛል!» ብዬ ማጭዱን ቀማሁት።

ያ ዓመት ደግሞ ዝናብ የጠፋበት ነበር። ሣሩ አረረ። ጦይባ በአጥሩ በኩል መጣችና እንዲህ አለችኝ፦

«ደብሪቱ፣ ጉትቻሽ በረቴ ውስጥ ገብቷል። የገባውን ብቻ ልቁረጠው?»

«እንዳትነኪው!» አልኳት። ስናገር እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ነበር። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያን ወገቤን በአለንጋ ብገርፈው ደስ ይለኛል።

ጦይባም ጎረቤት ላለማስቀየም ብላ ሳትቆርጠው ተመለሰች።

በሳምንቱ ቦራ ታመመች። መብላት እምቢ አለች። ዓይኗ ብጫ ሆነ። ወተቷ ነጠፈ። ከዚያም ነጩ አፍንጫዋ በእሳት እንደተለበለበ ተላጠ፤ ጆሮዋ ተሰነጠቀ። ፀሐይ ሲነካት ትጮሃለች፤ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ትገፋለች። መንደሩ ተሰበሰበ። አንዱ ዓይን ነው አለ፤ ሌላው እባብ ነው አለ።

እኔም ላያት ሄድኩ። በረቱ ውስጥ የገባውን ቅርንጫፌን አየሁት። ቅጠሉ እስከ ጫፉ ተግጧል። ያን ጊዜ የጋሽ አበጋዝ ቃል፣ ያልሰማሁት የመሰለኝ ቃል፣ አንድም ሳይጎድል ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ከብት እንዳይቀምሰው። መርዝ ነው።

ተናገርኩ? አልተናገርኩም። «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። እግዚአብሔርስ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር።

በማግስቱ ጦይባ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ እያለቀሰች፣ እሾሁን እየገፋች ገባች። እግሬ ሥር ቁጭ አለችና፦

«ደብሪቱ፣ ይቅር በይኝ» አለችኝ።

«ምን አድርገሽኝ ነው?» አልኩ።

«አበባሽን ባየሁት ቁጥር ልቤ ይቀና ነበር። አንድ ቀን በሆዴ ይድረቅባት አልኩ። አላህ ሰምቶኝ የእኔኑ ላም አደረቃት። እነዚህ የሙት ልጆች ምን ይጠጣሉ? አንቺ ይቅር ካልሽኝ ምናልባት ይመልስልኝ ይሆናል።»

እኔም ምን አልኩ መሰላችሁ? ስሙ እንግዲህ፣ የሞኝነቴ ጫፍ ይህ ነው። «ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት! እኔ ለእሷ! ደግሞም ራሷን ዳበስኳት።

እሷ ዱዓ አድርጋልኝ ወጣች። እኔ ግን እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። እጄን አየሁት። ራሷን የዳበስኩበት እጅ ነው። የሰው እጅ አልመሰለኝም። ይመር ከጥግ ሆኖ ሁሉን ሰምቷል። ያ ዝምተኛ ሰው፦

«የከተማውን መንገድ ታውቂዋለሽ፤ ቶሎ ከሄድሽ ዛሬ ትመለሻለሽ» አለኝ። ለካ እሱም ቅርንጫፉን አይቶታል።

ነጠላዬንም ሳላስተካክል ሮጥኩ። ጋሽ አበጋዝን አጥር ሥር ሲቆርጡ አገኘኋቸው። ያችው አበባ ከወገባቸው አትበልጥም፤ ተከርክማ፣ አምራ ቁጭ ብላለች። ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ከሰል አልመሽ ፍጪና በውሃ በጥብጠሽ ጋቻት። ሌላ ምግብ ይቅረብላት። ከሁሉም በላይ ከፀሐይ ሰውሪያት፤ ፀሐዩ ነው የሚያቃጥላት። ከበረታች ትድናለች። ካልበረታች ግን ምንም አላውቅም» አሉኝ።

እየሮጥኩ ተመለስኩ። ወደ ቤቴ አልገባሁም፤ በቀጥታ ጦይባ በረት ገባሁ። እሷ የቦራን አፍንጫ በቅቤ እያሸች ነው።

«እትዬ ጦይባ፣ ላምሽን ያሳመመው የእኔ አበባ ነው። መርዝ መሆኑን ተነግሮኝ ነበር። ቅድም ስትመጪም አውቅ ነበር» አልኳት። በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት፤ ሁለተኛ ትንፋሽ ብወስድ እዋሽ ነበር።

ጦይባ ማሸቷን አላቆመችም። ቀና ሳትልም፦

«እንግዲያው ቅድም የለመንኩሽን ይቅርታ መልሺልኝ» አለችኝ።

«እመልሳለሁ። አሁን ግን ላሚቱን ጨለማ ቤት እናስገባት» አልኳት።

በመንደሩ ከእኔ ቤት የጨለመ ቤት የት ይገኛል? ይመር በሩን የያዘውን ቅርንጫፍ በመጥረቢያ ጣለው፤ የመስኮቱን ግን ለጥላ ብለን ተውነው። ቦራን ከነክብሯ አስገባናት። እሷ መደቡ አጠገብ ተኛች፤ እኔና ይመር ጎተራ ሥር። ከሰል ፈጨሁ፣ በጠበጥኩ፣ በቅል ጋትኳት። ግማሹን ዋጠችው፤ ግማሹን ፊቴ ላይ ተፋችው። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ ከላሚቱና ከእኔ የቱ እንደታመመ አይለይም ነበር። ሣር ፍለጋ ወንዝ ለወንዝ ዞርኩ። አጭጄ ባመጣሁት ቁጥር ታሸተዋለች፤ ታየኛለች፤ ፊቷን ታዞራለች። እኔም፦ «ልክ ነሽ፣ እኔ ያመጣሁትን አትመኚ» እላታለሁ።

ለልጆቹም የእኔን የፍየል ወተት በየጠዋቱ ወሰድኩ። ጦይባ ቅሉን ትቀበለኛለች፤ ቃል ግን አትሰጠኝም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቦራ አንድ ጭብጥ ሣር በላች። እኔ አለቀስኩ፤ ይመርም አለቀሰና ጭሱ ነው አለ። በአርባኛው ቀን አዲስ ቆዳ አፍንጫዋ ላይ ወጣ፤ ከቤቴ በራሷ እግር ወጥታ ሄደች። ስትወጣ ድስቴን ሰበረችው። ይበለኝ።

ከዚያም ማጭድ አነሳሁ። ያን የወፍ ቆሎ እስከ ጉልበቴ አወረድኩት፤ በጦይባ በረት በኩል የነበረውንም ከሥሩ ነቀልኩት። ቁርጥራጩን ከብት እንዳያገኘው አቃጠልኩት። እጄ በእሾህ ደማ። ደግሞ ግጦሹ ላይ ብወጣ ወፍ የዘራው ቡቃያ በየቁጥቋጦው ሥር ብቅ ብቅ ብሏል። በአራት እግሬ እየዳህኩ አንድ በአንድ ነቀልኩ። መንገደኛ ሲያልፍ፦ «እመቤቴ፣ ምን ጠፋብሽ?» ይለኛል። «የእቴጌ ጉትቻ» እላለሁ።

የተቆረጠውም ክረምቱ ሲገባ አቆጠቆጠ። ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ አብቦ አያውቅም፤ ከቅጠሉ አበባው በዛ። ውሃ አላጠጣሁት፣ አላመሰገንኩት።

ቦራም ወለደች። በሳምንቱ ጦይባ አዲስ ወተት በቅል ይዛ ቤቴ ገባች። በረቱ ውስጥ ከተናዘዝኩላት ቀን ወዲህ ደጄን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ቅሉን አስጨበጠችኝና፦

«ጠጪ» አለችኝ።

ቅሉን እንደያዝኩ፦ «እትዬ፣ ይቅር አልሽኝ ማለት ነው?» አልኳት።

ጦይባም ተቀመጠች። እግሯንም ዘረጋችና፦

«ያመጣሁት ወተት ነው። ይቅርታው ገና እየተናጠ ነው። ቅቤው እስኪወጣ ግን ቁጭ ብለን እንጠብቀው» አለችኝ።

እኔም ጠጣሁ። ሁለታችንም ቁጭ አልን።

እንግዲህ ሞኝነቴን በሙሉ ሰጠኋችሁ፤ ለራሴ ያስቀረሁት የለም። እናንተም ተረቴን በተረት መልሱልኝ፤ ይህን ጥርስ የሌለው አፌን ደግሞ በለስላሳው ዳቦ አብሱልኝ፣ ቅርፊቱን ለራሳችሁ!