ዝንብ በኬላው የተጠየቀች ዕለት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወሬ የጀመረም ካለ ለነገ ያቆየውና ያድምጠኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳትም ዕቃውም ሁሉ አንደበት በነበረው ጊዜ፣ በአንድ ትልቅ ወንዝ መሻገሪያ ላይ የእንስሳት ኬላ ነበር። ጨው የሚያሻግር ከጨው፣ ማር የሚያሻግር ከማሩ ቀረጥ ይሰጣል። የኬላው ዘበኛ ከርከሮ ነው። ዳኛው ደግሞ አባ ኤሊ ናቸው፤ አንድ ቃል ለመናገር ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸው፣ ግን ደግ ሽማግሌ።

አንድ ቀን ከርከሮ አህያን እየነዳ ዳኛው ፊት አቀረባት። ባለፈው ገበያ ለእናቷ ጨው አድርሳ ስትመለስ፣ ስልቻዋ ውስጥ ማር ደብቃ ያለ ቀረጥ አሻግራለች ሲል ከሰሳት። በዚያ ኬላ ደብቆ ያሻገረ ዳግመኛ ወንዙን አይሻገርም። የአህያ አሮጊት እናት ደግሞ ከወንዙ ማዶ ብቻዋን ናት፤ ከዚህች ልጇ በቀር ጠያቂ የላትም።

ምስክሮች ተጠሩ። ቁራ መጣ፤ "ማር ነበረ" አለ። ጦጣ መጣች፤ "ማር ነበረ" አለች። ዝንብ መጣች፤ እሷም "ማር ነበረ" አለች።

አባ ኤሊ ሊፈርዱ አንገታቸውን ብቅ ሲያደርጉ አህያ ምስክሮቹን ተጠየቅ ልበላቸው ብላ ለመነች። ተጠየቅ ማለት ምስክሩን ፊት ለፊት ቆሞ መጠየቅ ነው፤ በየዋርካው ሥር ለሣር ጠብ እንኳ ይፈቀዳል። ከርከሮ ግን አኮረፈ። ኬላ ላይ ምስክር ይናገራል፣ ይሄዳል፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ልማዱ ይኸው ነው አለ።

አባ ኤሊ ግራ ገባቸው። ያን ጊዜ ጥግ ላይ የተሰቀለው የኬላው ሚዛን ተንቀጫቀጨ።

"አባ ኤሊ፣ ዕድሜ ልኬን ስመዝን ኖሬአለሁ። በአንድ ወገን ብቻ ተጭኜ ልኩን ተናግሬ ግን አላውቅም" አላቸው።

አባ ኤሊ አሰቡ። አሰቡ። ደግሞ አሰቡ። ሰው ሁሉ ሊያንቀላፋ ሲል "ልጄ፣ ጠይቂ" አሏት።

አህያ ማሩን በዓይኑ አይቶ እንደሆነ ቁራን ጠየቀችው። ቁራ አላየም፤ ከጦጣ ሰምቶ ነው። ጦጣን ጠየቀቻት። ጦጣም አላየችም፤ ከዝንብ ሰምታ ነው። ከርከሮ "ዝንብስ አይታለች" ብሎ ክራንቻውን ገለጠ።

ሳትጠየቅ የቀረችው ዝንብ ብቻ ናት። አህያ ፈራች፤ ቢሆንም በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀቻት።

"እህቴ ዝንብ፣ ማሩን አይተሻል?"

"አይቻለሁ። ቀምሼዋለሁም።"

"የት ነበር?"

"ጭነት የገጠበው ጀርባሽ ላይ ነዋ። እናትሽ ናት በአፍንጫዋ እያሻሸች የቀባችሽ። 'አይዞሽ ልጄ፣ ይሽርልሻል' ስትልሽ እዚያው ነበርኩ።"

አህያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያን ዕለት ደክሟት አንቀላፍታ ነበር፤ እናቷ የቆጠበቻትን ማር በቁስሏ ላይ እንደጨረሰች እስከዚያች ሰዓት አላወቀችም።

አባ ኤሊ ዝንብን ይህን ለምን ቀድማ እንዳልተናገረች ጠየቋት።

"ማር ነበረ ወይ ተባልኩ፤ ነበረ አልኩ። የት ነበር ያለኝ የለም እኮ" አለች፣ እሷም አፍራ።

አባ ኤሊ ለቁስል መድኃኒት ቀረጥ የለውም ብለው አህያን በነፃ አሰናበቷት። ከዚያ ቀን ወዲያም በኬላው ምስክር ሳይጠየቅ ፍርድ እንዳይሰጥ አዘዙ። ከርከሮ አንገቱን ደፍቶ መዝጊያውን ራሱ ከፈተላትና እናትሽን ሳሚልኝ አላት። አህያም ወንዙን እየሮጠች ተሻገረች።

ልጆቼ፣ ምስክር ሳይዋሽም በሰው ላይ ያስፈርዳል፤ ያልጠየቁት እውነት ከባለቤቱ ጋር ተመልሶ ቤቱ ይገባልና። የእኔ ተረት እዚህ ላይ አበቃ። አሁን ዝም ብላችሁ አትመኑኝ፤ ጠይቁኝ።